አስር አለቃ ደመናን ውኃ ውስጥ የነከርኩ ጊዜ

አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ፣ መጽሐፍ በእጄ ይዤ፣ የተጻፈውን በደንብ እያወቅኩ፣ የሌለውን ነገር "አለ" ብያለሁ። አስተማሪ ስለሆንኩ ይህን ቀላል አድርጌ አላየውም። እንዴት እዚያ እንደ ደረስኩ ከመጀመሪያው ላስረዳችሁ። ማስረዳት ልማዴ ነው፤ ታገሡኝ።

ያኔ የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ሞያሌ፣ በኬንያ በኩል፣ አንዲት ትንሽ የግል ትምህርት ቤት የስታንዳርድ ፋይቭ፣ የአምስተኛ ክፍል ማለት ነው፣ እንግሊዝኛ አስተማሪ ሆኜ ከተቀጠርኩ ገና ስምንት ወሬ ነበር። ወላጆቼ ከኢትዮጵያ መጥተው እዚህ ሱቅ የከፈቱ ናቸው፤ እቤት አማርኛ፣ ደጅ ኦሮምኛና ስዋሂሊ፣ ክፍል ውስጥ እንግሊዝኛ እየተናገርኩ ነው ያደግኩት። ሥርዓት እወዳለሁ። ጠመኔዎቼን በቁመታቸው እደረድራለሁ፤ ያለ ማስመሪያ አንድም መስመር አላሰምርም። ተማሪዎቼ "ምዋሊሙ ምስታሪ" የሚል ስም አውጥተውልኝ ነበር፤ መምህር መስመር እንደ ማለት ነው።

ምሳ የምበላው እትዬ የሺ ሆቴል ነው። ሆቴል ስል አልጋ ያለው እንዳይመስላችሁ፤ እኛ ጋ ምግብ የሚሸጥበት ቤት ሁሉ ሆቴል ይባላል። የሺ ሠላሳ ዓመት ገደማ የሆናት፣ ቀልደኛ፣ እጀ ፈጣን ሴት ናት። መጀመሪያ አንቱ ብያት ነበር። "አንቱ ካልከኝ ሻይህን ያለ ስኳር ነው የምቀዳልህ" ስትለኝ ተውኩ። አባቷ ጋሽ በላይነህ ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል። ቀኑን ሙሉ ጓሮ ካለው የኒም ዛፍ ሥር ይቀመጣሉ። የምሳ ግርግር ሲያልፍ የሺ እጇን በሳሙና ታጥባ፣ በንጹሕ ጨርቅ አድርቃ፣ አጠገባቸው ትቀመጥና ታነብላቸዋለች።

የምታነብላቸው ነገር ነው ዓይኔን የሳበው። ሦስት የቆዩ የእንግሊዝኛ የሥዕል መጽሔቶች ነበሩ፤ ኮሚክ የሚባሉት ዓይነት፣ ምናልባት በዕድሜ ወላጆቼን የሚያህሉ። እያንዳንዱ አራት አምስት አጫጭር ታሪክ ይዟል። ካባ ለብሶ በሰማይ የሚበር ጀግና፣ ወደ ቀይዋ ፕላኔት የሚሄድ መንኮራኩር፣ የራስ ቁር ያጠለቀች የጠፈር ተጓዥ ሴት፣ ከሌላ ዓለም የመጣ ስምንት እጅ ያለው ፍጡር። በእንዲህ ያሉ መጽሔቶች ውስጥ ሰዎቹ ሲናገሩ ቃላቸው ከአፋቸው በሚወጣ ነጭ ፊኛ ውስጥ ይጻፋል። በእነዚህ በሦስቱ ግን በእያንዳንዱ ፊኛ ላይ ተስተካክሎ የተቆረጠ ስስ ወረቀት ተለጥፎበታል። ወረቀቱ ላይ ያለው አማርኛ የድሮ ጽሕፈት ቤት ጸሐፊዎች ብቻ በሚጽፉት ዓይነት ያማረ የእጅ ጽሑፍ ነው።

"አባዬ ነው የተረጎመው" አለችኝ የሺ አንድ ረቡዕ። "ዋልዳ ካምፕ እያለን። እኔ ያኔ ሕፃን ነበርኩ።"

ዋልዳ ከእኛ ብዙም አይርቅም፤ በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጀመሪያ ከኢትዮጵያ የተሰደዱ ሰዎች የሰፈሩበት ቦታ ነው።

"አንዱን ለተማሪዎቼ ታውሺኛለሽ?" አልኳት። "አርባ ስምንት ልጅ አለኝ፤ የንባብ መጽሐፉ ግን አሥራ አንድ ነው።"

ወደ ጓሮው አየች። ጋሽ በላይነህ እንቅልፍ ሸለብ አድርጓቸዋል። "ቅዳሜ የዚህኛው ተራ ነው" አለች አንዱን ከጨርቁ እየፈታች። "እስከ ቅዳሜ ምሳ ድረስ። በዘይት እጅህ እንዳትነካው። ገጹን እንዳታጥፈው።"

"እኔ? እኔ ገጽ የማጥፍ ሰው እመስላለሁ?"

"እሱስ አትመስልም" ብላ ሳቀች።

ሐሙስ ክፍል ውስጥ አነበብኩላቸው። በጋሽ በላይነህ አማርኛ የሚበረው ጀግና ስሙ አስር አለቃ ደመና ነው። የጠፈር ተጓዧ ሴት ደግሞ ጥሩነሽ ትባላለች። ጥሩነሽ ጀግናውን ገና እንዳየችው "ያንን ብርድ ልብስ ከአንገትህ ፍታና ለበረደው ሰው አልብስ" ትለዋለች። ባለ ስምንት እጁ ፍጡር ሊያስፈራራት ሲመጣ "ይህን ሁሉ እጅ ይዘህ አንድ ጀሪካን እንኳ አታቀብለኝም?" ትለዋለች። ልጆቹ በሳቅ ጠረጴዛ ደበደቡ። በመጨረሻው ሥዕል ጥሩነሽ በቀዩ አፈር ላይ ቆማ፣ ወደ ሰማይ ለሚነሣው መንኮራኩር እጇን ታውለበልባለች። ፊኛዋ ጠባብ ናት፤ ሁለት ቃል ብቻ ተጽፎባታል፦ "ልጄን አደራ።"

ከፊት የምትቀመጥ ተማሪ እጇን አወጣች። "ምዋሊሙ፣ የትኛውን ልጅ?"

ሥዕሉን አየሁት። በታሪኩ ሁሉ ውስጥ አንድም ልጅ የለም። አንድ ነገር አለመግጠሙ ያሳክከኛል፤ ያን ቀንም አሳከከኝ።

ሌላም ያሳከከኝ ነገር ነበር። ከኋላ የተቀመጡት፣ አማርኛ የማይሰሙት ልጆች፣ የሳቁት ሌሎቹ ስለ ሳቁ ነው። ከወረቀቱ ሥር ግን ሁሉንም ሊያገለግል የሚችል እንግሊዝኛ ተቀብሯል። ስለዚህ እንዲህ ብዬ አቀድኩ፦ ወረቀቶቹን በጥንቃቄ አነሣለሁ፣ እንግሊዝኛውን እገለብጣለሁ፣ ወረቀቶቹን በቁጥራቸው መልሼ እለጥፋለሁ። በእያንዳንዱ ጀርባ ቁጥር ልጽፍ ማስመሪያና ቀይ እስክሪብቶ አዘጋጅቼ ነበር።

ሙጫው የዱቄት ስለሆነ በውኃ እንደሚለቅ አውቅ ነበር። ከትምህርት በኋላ ሳፋ ላይ ውኃ ቀዳሁና ገጾቹን በተራ አረጠብኩ። ወረቀቶቹ እየተላቀቁ ውኃው ላይ ተንሳፈፉ። እንግሊዝኛው ጥርት ብሎ ወጣ። ደስ ብሎኝ ወደ ሳፋው ዞር ስል ውኃው ሐምራዊ ሆኗል።

የተጻፈው ድሮ በየመሥሪያ ቤቱ በነበረው፣ ሲረጥብ ወደ ቀለም በሚለወጥ እርሳስ ነው። እኔ በዕድሜዬ አይቼው አላውቅም። እጄን ሰድጄ አንዱን አነሣሁ፤ ባዶ ነው። ሌላውንም አነሣሁ። ሰባ ሦስት ወረቀት ነበር፤ አንድ ፊደል የቀረለት አልነበረም።

እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር። በጣም ደነገጥኩ፤ ግን ድንጋጤዬ አንድ ሌሊትም አልቆየም። አርብ እንግሊዝኛውን ሳነብ ሌላ ነገር አገኘሁ። የጋሽ በላይነህ አማርኛ ከእንግሊዝኛው ጋር ጨርሶ አይገናኝም። የሚበረው ሰው ስለ ብርድ ልብስ የሚነግረው ማንም የለም። የራስ ቁር ያጠለቀችው ሴት በመጽሔቱ ሙሉ የምትናገረው አራት ጊዜ ነው፤ ሦስቱ "ተጠንቀቅ" የሚል ነው። አማርኛው ላይ አሥራ አንድ ጊዜ ትናገር ነበር፤ ትረካ የሚጻፍባቸው ቢጫ ሣጥኖች ሳይቀሩ ለእሷ ተሰጥተዋል። ሽማግሌው እንግሊዝኛ አያውቁም ነበር ማለት ነው። እኔም ምን አልኩ መሰላችሁ? እንግዲያው የጠፋው ስሕተት ነው፣ ትክክለኛውን ተርጉሜ እተካላቸዋለሁ አልኩ። ተረጎምኩ። በማስመሪያ ለክቼ፣ ቆርጬ፣ ለጠፍኩ። ሲያልቅ ከቀድሞው ያማረ መሰለኝ።

ቅዳሜ ምሳ ሰዓት የሺ ሆቴል ስደርስ ቤቱ ሞልቷል። "ጓሮ አባዬ ጋ ቁጭ በል፣ እመጣለሁ" አለችኝ ቻፓቲ እያገላበጠች።

ከጋሽ በላይነህ አጠገብ ተቀመጥኩ። መጽሔቱን እንደ ተዋስኩና ልመልስ እንደ መጣሁ ነገርኳቸው።

"የሺ ሰጠችህ?" አሉና እጃቸውን ዘረጉ። ሰጠኋቸው። አንዱን ገጽ ከፍተው አውራ ጣታቸውን ቀስ አድርገው አንድ ፊኛ ላይ አሳለፉ። ደግመው አሳለፉ።

"ይሄ ወረቀት ወፍራም ነው" አሉ። "የኔ አይደለም።"

ሁሉንም ዘረገፍኩት፤ ውኃውን፣ ሐምራዊውን፣ ይቅርታዬን። ከዚያ ማስረዳት ልማዴ ነውና "ግን ጋሼ፣ ትርጉሙ ልክ አልነበረም። አሁን ልክ ነው፤ ቃል በቃል ነው የሠራሁት" አልኩ።

ከዛፉ ላይ ቅጠል ረግፎ መጽሔቱ ላይ ወደቀ። አላነሡትም።

"የሺ አይታዋለች?"

"ገና ነው።"

"እግዚአብሔር ይመስገን" አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ስማኝ ልጄ። ዋልዳ ላይ አንድ ቀን የልብስና የመጽሐፍ ሣጥን መጣ። ሰው ልብስ ሲሻማ እሷ እነዚህን ሦስቱን አቅፋ መጣች። ሰባት ዓመቷ ነው። 'አንብብልኝ' አለችኝ። እኔ የክፍለ ጦር ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ነበርኩ፤ አባቷ የማያነበው ወረቀት ያለ አይመስላትም። አገር የለን፣ ቤት የለን፣ እናት የላት። ይሄንንም አልችልም ልበላት?"

"እና ምን አደረጉ?"

"ሥዕሉን እያየሁ አነበብኩላት። በማግሥቱ ድገምልኝ አለች። ደገምኩ። 'ትናንት እንዲህ አላለም' ብላ አለቀሰች። ልጅ እንደ ዳኛ ነው፣ ቃልህን ይይዛል። በሦስተኛው ቀን ከሚሰፈርልን ዱቄት ላይ ሙጫ አበጀሁና እንዳልረሳው ጻፍኩት። እንግሊዝኛ የሚያውቅ አንዱ ደግሞ አንሥቶ እንዳያነብላት በላዩ ለጠፍኩት።"

"አስር አለቃ ደመናስ? ለምን አስር አለቃ?"

"እኔ አስር አለቃ ነበርኩ" አሉ ኮስተር ብለው። "መብረር ስለቻለ ብቻ ከኔ በላይ ማዕረግ አልሰጠውም።"

ልስቅ ስል ገታሁት። "ጥሩነሽስ?"

"ባለቤቴ ናት። የሺ ሁለት ዓመት ሳይሞላት ነው ያረፈችው፤ ድምፅዋን አታውቀውም። ያች ሴትዮ በራስ ቁሩ ምክንያት ፊቷ አይታይም ነበር። ቦታው ክፍት ነው አልኩና አስገባኋት። ጥሩነሽ የምትለውን ነው የጻፍኩት፤ ቃል በቃል፣ አንተ እንደምትለው።"

ያኔ ነው ሳፋው ውስጥ ምን እንደ ነከርኩ የገባኝ።

"እንግሊዝኛው ላይስ?" አሉ ድንገት። "ሃያ ምናምን ዓመት አስቤዋለሁ። ሴትዮዋ ምን ነበር የምትለው?"

"'ተጠንቀቅ' ነው ጋሼ። ሦስት ጊዜ።"

ፊታቸው ፈታ አለ። "እሱንም ትል ነበር" አሉ።

ከዚያ እጄን ያዙኝ። "የሺ ኬንያ ትምህርት ቤት የተማረች ናት፣ ሁሉንም ታነባለች። አሁኑኑ በላዩ ባዶ ወረቀት ለጥፍበት። ውኃ ነካው በላት፣ ሌላ እንዳትጨምር። አባቴ ተርጉሞ አሳደገኝ ብላ ነው የምታወራው። እንደዚያው ይቅርላት።"

ቃል ገባሁ። ቦርሳዬ ውስጥ ወረቀትም ሙጫም መቀስም ነበር፤ እኔ ያለነሱ አልወጣም። ጋሽ በላይነህ ጆሯቸውን ወደ ወጥ ቤቱ በር አድርገው እየጠበቁ፣ እኔ የኮራሁበትን ትርጉም ፊኛ በፊኛ ሸፈንኩ። ሰባ ሦስቱም ነጭ ሆኑ።

የሺን ወጥ ቤት አገኘኋት። "እትዬ የሺ፣ መጽሔቱ ውኃ ነካብኝ።"

የዱቄት እጇን ታጥባ ተቀበለችኝ። ገልጣ አየች። ደግማ ገለጠች። ከውጭ አንዱ ሹፌር "ማማ የሺ፣ ቻይ ምቢሊ!" ብሎ ሁለት ሻይ አዘዘ፤ አልሰማችም።

"ጥሩነሽ ያለችውም?"

"ሁሉም።"

ጀሪካን ላይ ተቀመጠች። "እናቴ ስትናገር የሰማሁት እዚህ ውስጥ ብቻ ነው" አለች ቀስ ብላ። አልጮኸችብኝም፤ ብትጮኽብኝ ይሻለኝ ነበር።

ቀና ብላ አየችኝ። "ሥሩ ያለውን እንግሊዝኛ አነበብከው?"

ዓይኔን ወደ ምድጃው መለስኩ።

"ምዋሊሙ፣ ፊትህ እንደ ጥቁር ሰሌዳ ነው፤ የተጻፈበት ከሩቅ ይነበባል። አንብበኸዋል። እኔም ስታንዳርድ ፎር እያለሁ አንዷን በምላጭ አንሥቼ አይቻለሁ። 'ተጠንቀቅ' ነው የሚለው። መልሼ በዱቄት ለጠፍኩት።"

"አልተናደድሽም?"

"ሳምንት ሙሉ አኮረፍኩት። ምን እንዳስኮረፈኝ እስከ ዛሬ አያውቅም። ከዚያ ከሦስቱ መጽሔት ፊኛዎቹን ቆጠርኩ። ሁለት መቶ ምናምን ሲሆንብኝ መቁጠሬን ተውኩ። ይሄን ሁሉ ድንኳን ውስጥ ቁጭ ብሎ፣ በአንድ ጥፍር መቁረጫ መቀስ፣ ለእኔ ቆርጧል አልኩ። ኩርፊያዬም በዚያው አለቀ።" ተነሥታ ቀሚሷን አራገፈች። "እንዳትነግረው።"

"ምኑን?"

"ማወቄን። ተርጓሚ ነኝ ብሎ ነው የኖረው። እንደዚያው ይቅርለት።"

አንባቢዎቼ፣ ነገር ለማስረዳት የተፈጠርኩ ሰው ነኝ። በአንድ ጓሮና በአንድ ወጥ ቤት መካከል፣ በአሥር እርምጃ ርቀት፣ በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ "አታስረዳ" ተባልኩ።

ደንበኞቿ እንደ ሄዱ ሦስታችን ከዛፉ ሥር ተቀመጥን። የሺ መጽሔቱን ጉልበቷ ላይ ዘረጋች፣ ሥዕሉን ለአባቷ እየነገረች። እሳቸው የጻፉትን ያስታውሳሉ፤ የጎደለውን እሷ ትሞላለች። እኔ እጽፋለሁ፤ በዚህ ጊዜ ውኃ በማይፈራ እስክሪብቶ።

"ባለ ብዙ እጁ እየመጣ ነው አባዬ።"

"ይህን ሁሉ እጅ ይዘህ አንድ ጀሪካን እንኳ..."

"አታቀብለኝም" ብላ ጨረሰችለት፤ ሁለቱም እኩል ሳቁ።

አንዳንዴ ይከራከራሉ። "የለም፣ እዚህ ጋ 'ቀስ በሉ፣ ቀይዋ ፕላኔት የትም አትሄድም' ነው የሚለው" ትላለች። "'ምድሪቱ' ነው ያልኩት" ይላሉ እሳቸው። ሲያቅታቸው ወደ እኔ ይዞራሉ። "ምዋሊሙ፣ እንግሊዝኛው ምን ይላል?" እኔም በሁለት ወረቀት ሥር የተቀበረውን የማነብ መስዬ ገጹን ወደ ብርሃን አነሣና ለአንዳቸው እፈርዳለሁ። በየተራ ነበር የምፈርደው፤ ሥርዓት ነው።

ፀሐይዋ ዘንበል ስትል የመጨረሻው ሥዕል ላይ ደረስን።

"ጥሩነሽ ቆማ እጇን እያውለበለበች ነው" አለች የሺ። "መንኮራኩሩ ሄደ።"

ጋሽ በላይነህ ሊመልሱ ቀና አሉ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ ቃል ግን አልወጣም። እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ጨርቁን ደጋግሞ ጨበጠ። "ይሄኛው ጠፋኝ" አሉ በመጨረሻ። "ይሄኛው እንዴት ይጠፋኛል?"

እኔ አውቀዋለሁ። ሐሙስ ክፍል ውስጥ አንብቤዋለሁ፤ ሁለት ቃል ነው። አፌን ልከፍት ስል የሺ እጄን ነካችኝ።

"እኔ በቃሌ አውቀዋለሁ አባዬ" አለች። "እንዲህ ነው የሚለው፦ 'ልጄን አደራ ያልኩህን አልረሳህም። ጸጉሯን ስታበጥር፣ ስታበላት፣ ስታነብላት ከዚህ ሆኜ አያለሁ። በላይነህ፣ ደህና አድርገህ አሳድገሃታል።'"

ጋሽ በላይነህ ፊታቸውን ወደ እሷ አዞሩ። የማያዩት ዓይኖቻቸው ወደ ድምፅዋ አቅጣጫ ቀርተዋል።

"እንዲህ ብዬ ጽፌ ነበር?"

"እንዲህ ነው የሚለው አባዬ።"

"ምዋሊሙ" አሉ። "እንግሊዝኛውን እየው። እንዲህ ይላል?"

ገጹን ወደ ብርሃን አነሣሁት። አርብ ዕለት በእጄ ተርጉሜዋለሁና ምን እንደሚል በደንብ አውቃለሁ። "ሞተሩን አስነሡ" ነው የሚለው።

"ይላል ጋሼ" አልኩ። "ልክ እንደዚያው ነው የሚለው።"

ቀስ ብለው ወደ ዛፉ ግንድ ተደገፉ። "እንግዲያው" አሉ፣ "ደህና ተርጓሚ ነበርኩ።"

እኔ መጻፍ ጀመርኩ። ፊኛዋ ለሁለት ቃል የተሠራች ስለሆነች አልበቃችኝም። ማስመሪያዬን ቦርሳዬ ውስጥ ተውኩና ከፊኛዋ አስወጥቼ፣ በጥቁሩ ሰማይ ላይ፣ በከዋክብቱ መካከል ወደ ጎን ጻፍኩት።

ጋሽ በላይነህ ከሦስት ዓመት በኋላ አረፉ። አባትና ልጅ ስለዚህ ጉዳይ ተነጋግረው እንደሆነ አላውቅም፤ እኔ ግን ለሁለቱም የገባሁትን ቃል ጠብቄያለሁ። አሁን የምጽፍላችሁ የሺ ስለፈቀደችልኝ ነው። ረቂቁን ሳነብላት "አባዬ ማወቄን ያውቅ እንደ ነበር ይመስለኛል አንዳንዴ" አለችኝ። "ያን ቀን ሳቁ አላማረኝም።"

እኔ ምን ተለወጥኩ? ዛሬም ጠመኔ እደረድራለሁ፤ ዛሬም ብዙ አስረዳለሁ። በየዓመቱ ግን ለአዲስ ተማሪዎቼ ፊኛቸው ባዶ የሆነ ሥዕል አድላለሁ፤ እንግሊዝኛ ገና ያልገባው ልጅ በፈለገው ቋንቋ ይሞላዋል፣ ጮክ ብሎም ያነብልኛል። ቀይ እስክሪብቶዬን አላወጣም። አንድ ልጅ መጽሐፍ ላይ የሌለ ነገር ሲያነብልኝ ከማረሜ በፊት ለማን ብሎ እንዳነበበው እጠይቀዋለሁ። መልሱ አንዳንዴ ቀልድ ነው። አንዳንዴ ደግሞ እቤት ስለ ቀረ ሰው ይነግረኛል።

ያ ሳፋ አሁንም አለኝ። ጠርዙ ላይ የቀረው ሐምራዊ በአመድም በሳሙናም አልለቀቀም። ልብስ የምታጥብልኝ ሴት ጣለው ብላኝ ነበር። ምክንያቱን ላስረዳት ጀመርኩና መሀል ላይ ተውኩት። "ይቀመጥ" ብቻ አልኳት።